ያልተጻፈልንን ደብዳቤ ስናነብ

በዚህ ወር ስለ አንድ መጽሐፍ እናውጋ። መጽሐፉ የፈረንሳይ ነው፤ ዕድሜውም ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚያወራው ነገር ግን የትናንት ማታ የቴሌግራም ወሬ ይመስላል። ርዕሱን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «አደገኛ ግንኙነቶች» ልንለው እንችላለን። ጸሐፊው ፒየር ሾደርሎ ደ ላክሎ የሚባል የመድፈኛ ጦር መኮንን ነበር። መጽሐፉ ለንባብ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1782 ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም 2,000 ቅጂ በጥቂት ሳምንታት ተሸጦ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን፣ ግሌን ክሎዝና ጆን ማልኮቪች የተወኑበትን ፊልም ያያችሁ አትጠፉም። ፊልሙ ጥሩ ነው። መጽሐፉ ግን ፊልም ሊሰጠን የማይችለው አንድ ነገር አለው፦ ተራኪ የለውም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያለው 175 ደብዳቤ ብቻ ነው።

ተራኪ የሌለው መጽሐፍ ሲነበብ ስሜቱ የተለየ ነው። «እንዲህ ሆነ» ብሎ የሚነግረን ሽማግሌ የለም። «ይቺ ደግ ናት፣ ያ ክፉ ነው» የሚለን የለም። አንዱን ፖስታ እንከፍታለን፣ እናነባለን፣ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። አንዱም ለእኛ የተጻፈ አይደለም። ትንሽ ቆይተን የምናደርገው ነገር ይገባናል፤ የሰው ደብዳቤ እየከፈትን ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ማርኪዝ ደ ሜርተይ የምትባል ባሏ የሞተባት ባለጸጋ ሴት አለች፤ በሰው ፊት ጨዋ፣ በጓዳ ግን ሰው ማጥመድ የምትወድ። የቀድሞ ወዳጇ ቫልሞን ደግሞ ሴት ማሳሳትን እንደ ሙያ የያዘ መኳንንት ነው። ማርኪዟ የበቀለችበት አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው ሊያገባት የታጨችውን፣ ከገዳም ትምህርት ቤት ገና የወጣችውን የ15 ዓመቷን ሴሲልን እንዲያበላሽላት ቫልሞንን ትጠይቀዋለች። እሱ ግን በዚያን ጊዜ ዓይኑን የጣለው ሌላ ሴት ላይ ነው፤ ማዳም ደ ቱርቬል የምትባል፣ ባሏን የምታከብር፣ ጸሎቷን የማታጓድል የዳኛ ሚስት። ሁለቱ ያሰቡትን ሁሉ ይፈጽማሉ። በመጨረሻ ቫልሞን በሰይፍ ግጥሚያ ይሞታል፤ ቱርቬል በሐዘን ገዳም ውስጥ ታልፋለች፤ ሴሲል ወደ ገዳም ትመለሳለች፤ ማርኪዟ ፈንጣጣ ይዟት አንድ ዓይኗ ይጠፋል፣ አገሯንም ጥላ ትሸሻለች። ይህ ሁሉ የሆነው በብዕርና በወረቀት ነው።

ለምዕራብ ሸዋ ሰው የፈረንሳይ አስመሳይ እንግዳ አይደለም። አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሞልየርን «ታርቱፍ»ን ወደ አማርኛ መልሶ፣ በጸሎት ስም ሰው ቤት ገብቶ ቤቱን ሊወርስ የሚቃጣውን ሰውዬ አስተዋውቆናል። ቫልሞንም የዚያው ዘር ነው። ቱርቬል በአገልጋይዋ እንደምታስከትለው ሲያውቅ ወደ መንደር ይሄዳል፤ ግብር መክፈል አቅቶት ንብረቱ ሊወሰድበት ለተቃረበ ድሃ ቤተሰብ ዕዳውን ይከፍላል፤ ከዚያም ወሬው እስኪደርሳት ይጠብቃል። ምጽዋቱ እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ የድሆቹም እንባ እውነተኛ ነው። ውሸቱ ለማን ተብሎ እንደተሰጠ ብቻ ነው። የደብዳቤዎቹም ውሸት እንዲሁ ነው፤ ቃሉ ያማረ፣ ሰላምታው የተሟላ፣ እንባው በቦታው ነው። ከልብ የተጻፈውንና ለወጥመድ የተጻፈውን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው በቃላቸው ልንለያቸው አንችልም። የምንለያቸው ያው ጸሐፊ ለሌላ ሰው የጻፈውን ቀጣዩን ደብዳቤ ስለምናነብ ብቻ ነው። ቱርቬል ይህ ዕድል አልነበራትም።

መጽሐፉ ከባድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ከሁሉም አሳምረው የሚጽፉት ሁለቱ ክፉዎች ናቸው። ቀልዳቸው ያስቃል፤ ሰው የሚያዩበት ዓይን ስል ነው። አንባቢ ሳያስበው ማዕዳቸው ላይ ይቀመጣል፤ በየዋሆቹ ጅልነት አብሮ ይስቃል። ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ ሳቁ እየቀነሰ ይሄዳል። ቱርቬል በሞት አፋፍ ላይ ሆና፣ አእምሮዋ ተቃውሶ፣ ለማን እንደምትጽፍ እንኳ ሳታውቅ ያስጻፈችውን ደብዳቤ ስናነብ ደግሞ ያ ሁሉ ሳቅ መልሶ ይመጣብናል።

ሦስተኛው እጅ

ደብዳቤ የሁለት ሰው ነው እንላለን፤ የላኪና የተቀባይ። በእኛ አገር ግን ለብዙ ዘመን የሁለት ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት የጀመረችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው፤ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችውም በ1901 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ፖስተኛ በር አንኳኩቶ ደብዳቤ የሚሰጥበት አገር አልሆንንም። ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ሣጥን የሌለው ደግሞ ሣጥን ባለው በኩል ይቀበላል። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ እንዲህ ነበር። «በትምህርት ቤቱ በኩል»፣ «በእገሌ ሱቅ በኩል» እየተባለ ይጻፍ ነበር። ያም ካልሆነ በአውቶብስ ረዳት፣ ለገበያ በመጣ ዘመድ እጅ ይላካል። ገጠር ላለው ሰው ደብዳቤው ቤቱ እስኪደርስ ሦስት አራት እጅ ያልፋል።

ከደረሰም በኋላ ሌላ እጅ ይጠብቀዋል። የመሠረተ ትምህርት ብሔራዊ ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. እስኪጀመርና ከዚያም በኋላ፣ ለብዙ እናቶችና አባቶች ደብዳቤ የሚያነበው የጎረቤት ተማሪ ነበር። በምዕራብ ሸዋ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ደብዳቤው ግን በአብዛኛው የሚጻፈው በአማርኛ ነበር። አፋን ኦሮሞ በይፋ በቁቤ መጻፍና በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ስለዚህ እናት በኦሮምኛ የተናገረችውን ተማሪው በአማርኛ ይጽፋል፤ ልጅ በአማርኛ የጻፈውን ተማሪው በኦሮምኛ ይነግራታል። እናትና ልጅ የሚገናኙት በአንድ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ አንደበት ነበር።

ልጅ ሆኜ አምቦ ውስጥ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ይህን ሥራ ሠርቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «አኮ» የሚላቸው አንዲት አረጋዊት ነበሩ፤ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሰሜን ሄዷል። ደብዳቤ ሲመጣ ያስጠሩኛል፤ ቆሎ በሰፌድ ይቀርባል፤ ደብዳቤው ከነጠላቸው ጫፍ ይፈታል። መክፈቻውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። አንድ ቀን የመጣው ደብዳቤ ግን ለእሳቸው ሳይሆን ለታላቅ ልጃቸው የተጻፈ ነበር። ታላቁ ልጅ ለሥራ ጌዶ ሄዷል፤ እሳቸውም መጠበቅ አልቻሉም። እያነበብኩ መሐል ላይ ስደርስ እግሩን እንደቆሰለ ይናገራል፤ ቀጥሎም ይህን ለእናቴ እንዳታነቡላት ይላል። ዝም አልኩ።

አኮ ፊቴን አዩት። ለረጅም ጊዜ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኦሮምኛ፣ «ዝም ያልሽበትን ተይው፤ ሲመጣ እሱ ራሱ ያነብልኛል። በሕይወት አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። «በይ ከታች ያለውን ቀጥይ» አሉ። ደብዳቤውን አጥፈው ከሌሎቹ ጋር ሣጥናቸው ውስጥ አስገቡት። ለታላቁ ልጅም ሲመጣ ሳይከፈት እንደደረሰ አድርገው ሳይሆን፣ «አስነብቤዋለሁ፤ ያንተን ግን አልሰማሁም» ብለው ሰጡት። ልጃቸው በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እያነከሰ መጣ። ያቺን መስመር ራሱ አንብቦላቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የላክሎን መጽሐፍ ከብዙ ዓመት በኋላ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሳነብ ደጋግሜ የማስባቸው እኚህን ሴት ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን የሰው ደብዳቤ እጃቸው ላይ ሲወድቅ የቱ የእሳቸው እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ ያውቃሉ። እኛ ለዚህ ነገር የራሳችን ቃል አለን፤ አደራ። ፖስታ ቤት ተመዝግቦና ተፈርሞበት የሚላከውንም ደብዳቤ የአደራ ደብዳቤ እንለዋለን። በላክሎ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተምሯል፤ እጅ ጽሑፉ ያማረ ነው፤ የፖስታ አገልግሎቱም የተሟላ ነው። የጠፋው ይህ ቃል ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ቱርቬል የቫልሞንን ደብዳቤ አልቀበልም ትላለች። እሱ ምን ያደርጋል? ባሏ ለዳኝነት ሥራ ዲዦን የሚባለው ከተማ አካባቢ እንዳለ ስለሚያውቅ፣ ደብዳቤው የዲዦን ማኅተም ተመትቶበት እንዲደርሳት ያደርጋል። ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ፖስታው ይሰጣታል፤ የባሏ መስሏት ትከፍተዋለች። ማኅተም የመታመን ምልክት ነው፤ እሱ ማጥመጃ አደረገው። በኋላም አገልጋዩን ልኮ የቱርቬልን ደብዳቤዎች ያሰርቃል። እዚያ ውስጥ በቁጣ የቀደደችው ያ የዲዦን ደብዳቤ ቁርጥራጩ በጥንቃቄ ተለቅሞ ተቀምጦ ያገኘዋል፤ የእንባ ምልክትም ያያል። ሴትዮዋ ለማንም ያልተናገረችውን የልቧን ነገር ከወረቀቱ አነበበው። ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነበር።

መሳቢያውን የከፈተችው እናት

ቤተሰብ ላላቸው አንባቢዎች ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያሳስበው የሴሲል እናት ታሪክ ይመስለኛል። ሴሲል ዳንሰኒ የሚባል ወጣት ሙዚቃ ያስተምራታል። ይዋደዳሉ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤም በበገናዋ አውታሮች መካከል ሸጉጦ ይተውላታል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሚያስታውሰው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እዚያም የባላባት ልጅ አለች፤ እዚያም ሊያስተምራት የገባ ድሃ ወጣት አለ። ያን መጽሐፍ ብዙ ሰው ያወቀው በዓይኑ አንብቦ ሳይሆን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው፤ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ያለቀሱት ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ጭምር ናቸው።

የሴሲል እናት የምትወደውንና የምታምናትን ጓደኛዋን ታማክራለች። ጓደኛዋ ማን ናት? ማርኪዟ። ማርኪዟ ለልጅቷ የልብ ወዳጅ፣ ለእናትየዋ ታማኝ አማካሪ ናት። አንድ ቀን እናትየዋን ለብቻዋ ጠርታ፣ ልጅሽ ደብዳቤ እየተጻጻፈች ነው፣ የጽሕፈት ጠረጴዛዋን መሳቢያ ፈትሺ ትላታለች። እናት ትፈትሻለች፤ ታገኛለች፤ ልጅቷ ትዋረዳለች፤ ፍቅሩ ይከለከላል። ከዚያ ልጅ ለማን ትናገር? ሮጣ ወደ ማርኪዟ። እናትስ ማንን ታማክር? እሷም ወደ ማርኪዟ። በሩን የዘጋችው እናት ቁልፉን ለጠላቷ እንደሰጠች አታውቅም። ቫልሞንም «መልእክት አቀባይ» ሆኖ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

እናትየዋ መጥፎ ሰው አይደለችም። ያገኘችው ደብዳቤም እውነተኛ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ያላት እናት ብትሰጋ ማን ይፈርድባታል? ዛሬ በአምቦም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ልጁ ሲተኛ ስልኩን አንስቶ ቴሌግራሙን የሚያገላብጥ ወላጅ ያው ስጋት ነው ያለው። የትንንሽ ልጆች ስልክ መታየት አለበት፤ አደጋውም የሌለ አይደለም። ላክሎ የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው። መሳቢያው በድብቅ ሲከፈት የሚገኘው ደብዳቤ ይገኛል፤ የሚጠፋው ግን የልጅቷ አንደበት ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ሴሲል ለእናቷ አንድ እውነተኛ ነገር አልነገረችም። ትልቁ አደጋ ሲመጣም፣ ሌሊት ክፍሏ የገባውን ሰው ለእናቷ መጮህ ሲገባት፣ አልጮኸችም።

ሕገ መንግሥታችን በ26ኛው አንቀጽ የሰው የግል ጽሑፍ፣ በፖስታ የሚልከው ደብዳቤና በስልክ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። ያ ሕግ በመንግሥትና በዜጋ መካከል ስላለው ነገር ይበልጥ ይታሰበን ይሆናል። በቤት ውስጥ ግን ሕግ ሳይሆን ቃል ይበቃል፤ ስልክ ከመግዛታችን በፊት «እስከዚህ ዕድሜሽ ድረስ አብረን እናየዋለን፤ ከዚያ በኋላ ያንቺ ነው» ማለት። አብሮ ማየትና ሲተኙ ማየት አንድ አይደለም።

በሌላ ሰው ብዕር የተጻፈ ፍቅር

በእኛ ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ቃል የሚያሳምር አንድ ልጅ አይጠፋም ነበር። የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ለራሱ ሳይሆን ለጓደኞቹ። ዋጋው ሻይ በብስኩት ነው። ቀይ እስክሪብቶ፣ በቀስት የተወጋ ልብ፣ ከጥግ ላይ ጽጌረዳ። ልጅቷ ደብዳቤውን ተቀብላ የምትወደው ቃሉን ነው፤ ቃሉ ግን የእጮኛው አይደለም። ብዙ ጊዜ በሳቅ ያልቃል። አንዳንዴ በትዳርም አልቋል።

ላክሎ ይህን ጨዋታ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። ሴሲል ለምትወደው ለዳንሰኒ የጻፈችው አንድ ደብዳቤ አለ፤ 117ኛው። ፍቅር ያለበት፣ የዋህ ደብዳቤ ነው። ቃል በቃል ያስጻፋት ግን ያጠፋት ቫልሞን ነው። ቱርቬልን የገደላትም ደብዳቤ የቫልሞን ቃል አይደለም። ማርኪዟ ረቂቁን ጽፋ ትልክለታለች፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም የሚል ሐረግ እየደጋገመ ሰውን የሚያሰናብት ጭካኔ ነው። እሱ በክብሩ ተነክቶ፣ ማርኪዟ ፈሪ እንዳትለው ብሎ፣ ቀድቶ ይልከዋል። ከዚያ ሊመልሰው ይፈልጋል። ካፍ የወጣ አፋፍ እንላለን፤ ከብዕር የወጣውማ ፖስታ ውስጥ ገብቷል።

ዛሬ የፍቅር መልእክት ከቴሌግራም ቻናል ተቀድቶ ይላካል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውም መጥቶ ለልደት፣ ለይቅርታ፣ ለመለያየት የሚሆን ጽሑፍ በሰከንድ ያዘጋጃል። የሚያስጨንቀኝ ቃሉ የሌላ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ የአምቦው ተማሪም ለአኮ የጻፈው በእሱ ቃል ነበር። ልዩነቱ እናትየዋ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «እንደሱ አላልኩም፤ መልሰህ አንብብልኝ» ማለቷ ነው። ቃል ብንበደርም ከመላካችን በፊት ለራሳችን ጮክ ብለን እናንብበው። የእኛ ካልሆነ ጆሮ ይነግረናል።

ሣጥኑን የያዘችው አሮጊት

በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስታውሳት አንዲት ገጸ ባሕርይ አለች፤ የቫልሞን አክስት ማዳም ደ ሮዝሞንድ። ዕድሜዋ ከ80 አልፏል። ቁርጥማት ክንዷን ይዟት መጻፍ ሲያቅታት ለአገልጋይዋ እየነገረች ታስጽፋለች። ሁሉም የሚያለቅሰው እሷ ጋ ነው። ሁሉ ነገር ከፈራረሰ በኋላ የሟቾቹ ደብዳቤዎች ወደ እሷ ይመጣሉ፤ ገዳዩ ዳንሰኒ የቫልሞንን ይልካል፤ የቱርቬልም ወረቀቶች ይደርሷታል። ቫልሞን ምን እንደሠራ ከነእጅ ጽሑፉ አነበበች። ምን አደረገች? ለፍርድ ቤት አልሰጠችም፤ ለወሬኛም አልሰጠችም። የሴሲልን ደብዳቤዎች ከዳንሰኒ ጠይቃ ተቀበለች፤ ለልጅቷ እናትም ዝርዝሩን አልነገረችም። ሁሉንም አንድ ላይ አሽጋ ዝም አለች።

ዝምታዋ ትክክል ነበር ወይ? ይህን አንባቢ ሁሉ እንደየአመሉ ይመልሰዋል። በዝምታዋ እናትየዋ የልጇን እውነት ሳታውቅ ቀረች። በሌላ በኩል ለአደባባይ የወጡት ሁለት ደብዳቤዎች ማርኪዟን ቢያጋልጡም፣ ቲያትር ቤት የነበረው ሰው ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ ሲያፏጭ ስናነብ ፍትሕ አየን ብለን አንደሰትም። እዚያ ያፏጨው ሰው ትናንት እጇን ይስም የነበረው ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን ይበልጥ የሚመለከተን ይመስለኛል። ላክሎ ደብዳቤዎቹን የሚያቀርበው እውነተኛ ደብዳቤ አግኝቶ ያሳተመ ሰው መስሎ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ በግርጌ ማስታወሻ፣ ዋናዎቹ ደብዳቤዎች በሮዝሞንድ ወራሾች እጅ እንደሚገኙ ይነግረናል። ሣጥኑን የከፈቱት ወራሾቹ ናቸው ማለት ነው። አሮጊቷ ዕድሜዋን ሙሉ ያሸገችው አደራ ከሞቷ በኋላ 175 ደብዳቤ ሆኖ እኛ እጅ ገባ። የላክሎም የራሱ ዕጣ ከዚህ አልራቀም። በአብዮቱ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በኋላም ከጦር ሜዳ ለሚስቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ነበሩት፤ ያንን ጨካኝ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ያልመሰለ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ የሚናፍቅ የቤተሰብ አባት የሚታይባቸው። እነሱም ከሞተ ከ100 ዓመት በኋላ ታትመው ወጡ።

በየቤታችን እንዲህ ያለ ሣጥን አለ። እናት ወይ አባት ሲያልፉ፣ ከአርባው በኋላ ልብስ ሲከፋፈል፣ ከሻንጣው ሥር በላስቲክ የታሰረ የደብዳቤ ጥቅል ይወጣል። ከግንባር የተላከ፣ ከኩባ ወይ ከሶቪየት ኅብረት ለትምህርት የሄደ ልጅ የጻፈው፣ ከዓረብ አገር ከገንዘብ ጋር የመጣ። አሁን አሁን ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ተለምዷል። ናፍቆት እንደሆነ ይገባኛል። የድሮውን እጅ ጽሑፍ ማየት ደስ ይላል፤ ለታሪክም ይጠቅማል። ነገር ግን ደብዳቤ ሁለት ባለቤት አለው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው በሕይወት ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ጥቅሉን ያገኘ ሰው ከመፍታቱ በፊት ፖስታው ላይ ያሉትን ስሞች ያንብብ። ላኪው በሕይወት ካለ፣ «ደብዳቤህ እኛ ጋ አለ፤ እንመልስልህ ወይስ እናስቀምጠው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይከብድም። ሁለቱም ካለፉ፣ ከቤተሰቡ ውስጥ አንድ ዝም ማለት የሚችል ሰው ይመረጥና ቀድሞ ያንብበው፤ ለልጅ ልጅ የሚነገረውንና የማይነገረውን ይለይ። ማቃጠል አያስፈልግም። በደንብ ተጠቅልሎ፣ እርጥበት በማያገኘው ቦታ፣ የማን እንደሆነ ተጽፎበት ይቀመጥ። በኦሮምኛ የተነገረው በአማርኛ የተጻፈ ከሆነም፣ ያን ጊዜ ብዕሩን የያዘው ተማሪ ምናልባት ዛሬ በዚያው ሰፈር ያለ ጎልማሳ ነውና እሱን መጠየቅ ነው። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረውን፣ እናት እየተናገረች መሐል ላይ ዝም ያለችበትን ቦታ፣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።